ፉታባ ኤስ3003ን ለትሮትል ገጥሜው፣ አንድ ኮከብ ልሰጠው ነበር

ሰላም ሰላም፣ ይሄን የፉታባ ሰርቮ (በሪሞት እየታዘዘ ክንዱን የሚያዞር ትንሽ ሞተር) ከገዛሁት ቆይቷል፣ ያኔውኑ ሪቪው ጽፌ ቢሆን ግን ስሙን አጥፍቼው ነበር።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ባለ 40 ግሎው ሞተር (በነዳጅ የሚሠራ ትንሽ ሞተር) ትሬነር፣ ማለትም የመለማመጃ የሪሞት አውሮፕላን አለችኝ፣ የትሮትሏ (የሞተሯ ነዳጅ መስጫ) ሰርቮ ስም የለሽ ርካሽ ነገር ነበር፣ የሪሞቱን ስቲክ ወደ ታች ሳወርድ ዝዝዝዝ ይላል አያቆምም፣ ሁለት ጊዜ አብርሬ የሪሲቨሩ (አውሮፕላኗ ውስጥ ያለው የሪሞቱ ሲግናል ተቀባይ) ባትሪ እምጥ ይግባ ስምጥ። በቃ እቃው ነው አልኩና ነቅዬ ጣልኩት፣ ፉታባ ገዛሁ፣ ገጠምኩት። ዝዝዝዝ። ሃሃሃ

ለካ ጥፋቱ የኔው ነው። ካርቡራተሩ ተዘግቶ አልቋል ሰርቮው ግን ገና መሄድ ይፈልጋል፣ ስለዚህ የማይነቃነቅ ነገር እየገፋ ባትሪውን ይመጠምጠዋል። ሰርቮውንና ካርቡራተሩን የሚያገናኘውን ሽቦ ከሰርቮው ክንድ የዳር ቀዳዳ አውጥቼ ሁለት ቀዳዳ ወደ መሃል ጠጋ አደረግኩት፣ ጸጥ። ብዙ ሰው ይሄን በሪሞቱ ኤንድ ፖይንት (ሰርቮው እስከ የት እንደሚሄድ የሚወስነው ሴቲንግ) ሊያስተካክል ሲታገል አያለሁ፣ እሱ መጨረሻ ላይ ለምትቀረው ትንሽ ነገር ነው እንጂ መጀመሪያ ሽቦው ነው መስተካከል ያለበት። ስቲኩ መሃል ላይ ሲሆን ክንዱና ሽቦው 90 ዲግሪ ይሁኑ፣ ካርቡራተሩም ግማሽ ይከፈት፣ ስቲኩ ታች ሲወርድ ትንሽ ክፍተት ቀርታ ሞተሩ ሚኒሞ ይይዛል፣ ትሪሙንም (ስቲኩ ጎን ያለችውን ትንሽ ማስተካከያ) ስታወርዱት ካርቡራተሩ ድፍን ብሎ ሞተሩ ይጠፋል፣ እንደዛ ከሆነ ጨርሳችኋል።

እቃውን በተመለከተ፣ 37 ግራም ነው፣ ጉልበቱ በ4.8 ቮልት 3.2 ኪሎ-ሴንቲሜትር ነው የሚባለው፣ ትሮትል ደግሞ ያን ያህል ጉልበት አይፈልግም፣ በጣት የሚዞር ነገር እኮ ነው። ጥርሱ ፕላስቲክ ነው ቤሪንግም የለውም፣ ለትሮትል ምንም አይደል፣ ለኤለቨተር (አፍንጫዋን ከፍና ዝቅ ለሚያደርገው የጭራ ክንፍ) ግን እኔ ብሆን ቤሪንግ ያለውን ኤስ3004 ነው የማስገባው። አብረው የሚመጡትን ጎማዎችና የናስ ቱቦዎች እንዳትጥሏቸው፣ የሞተሩን ንዝረት የሚውጡት እነሱ ናቸው፣ የቱቦዋ ሰፋ ያለው ከንፈር ሰርቮው ወደሚታሰርበት እንጨት ነው መዞር ያለበት (እኔ ለአንድ ዓመት ገልብጬ ነበር የማስገባው)፣ ብሎኑንም በካቻቢቴ ጎማው እስኪጨፈለቅ አታጥብቁት።

ሶኬቱ ጎን ላይ ትንሽ ክንፍ አለችው፣ የሌላ ብራንድ ሪሲቨር ካላችሁ ላትገባ ትችላለች፣ በምላጭ ቁረጧት፣ ከዛ በኋላ ግን ተገልብጦም ሊገባ ስለሚችል የገመዱን ቀለም እያያችሁ ሰኩ።

ለትሮትል አምስት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ። ብቻ ፎርጂዱ ብዙ ነው፣ ስቲከሩ ቁርጥ እሱን ይመስላል፣ አዲስ አበባ ያላችሁ ከውጭ በሰው የምታስመጡ ከሆነ ላኪው ከሆቢ ሱቅ እንዲገዛ ንገሩት፣ ዋጋው ከሌላው ቦታ በግማሽ ከወረደ ይለፋችሁ።