የሰርቨራችንን ዲስክ በወጉ ላደራጀልን ወንድማችን ምስጋና፤ እናንተም ጥሩት

ሰርቨር የምታስተዳድሩ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ምን ያህል እንደሚያሳርፍ አይተናልና ዝም ማለት ነውር ነው። እጁ ይባረክ!

ከእሱ በፊት የሠሩት ሰዎች፣ ስማቸውን አላነሳም፣ አሥሩንም ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች በአንድ ሬይድ 5 (ሬይድ ማለት ብዙ ዲስኮችን አቀናጅቶ እንደ አንድ የሚያሠራ ዘዴ ነው፤ ቁጥሩ ዓይነቱን ይነግራል) ጠቅልለው፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙንም ዳታቤዙንም ፋይሉንም እዚያው በፓርቲሽን (በዲስክ ክፍልፋይ) ከፋፍለው አስረከቡን። «36 ቴራባይት አገኛችሁ» ተባለ። ባክአፑስ (የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ)? እነዚያው ዲስኮች ላይ፣ ሌላ ፓርቲሽን ውስጥ! ዲስኮቹ ሲሄዱ አብሮ የሚሄድ ባክአፕ ምን ይባላል? ሬይድ 5 የሚችለው የአንድ ዲስክ ሞት ብቻ ነው። አንዱ ሞቶ ሲተካ የቀሩት ዘጠኙ ከዳር እስከ ዳር ይነበባሉ፤ 36 ቴራባይት ማለት ነው። በብዙ ተራ ዲስኮች መግለጫ ላይ ደግሞ በ12.5 ቴራባይት ንባብ ገደማ አንድ የማይነበብ ቦታ ሊያጋጥም እንደሚችል ተጽፏል። እንደተፈራውም አንዱ ሞቶ ሲተካ ሬይዱ ንባቡ መሀል ላይ ተሰናከለ። ስንጠይቃቸው «ዲስኩ ነው የከዳችሁ» አሉን። ዲስክማ ይሞታል፤ ያንን አስቦ መሥራት የማን ሥራ ነበር?

ይህ ወንድማችን ግን ስለ ቴራባይት ከማውራቱ በፊት «ሥራ ስንት ሰዓት ቢቆም ትችላላችሁ? የስንት ሰዓት መረጃ ቢጠፋስ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ክፍሎቹን ለየ። ሁለት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ዲስክ) በሬይድ 1፣ ማለትም አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ፣ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ብቻ። አራት ዲስክ በሬይድ 10፣ ማለትም ጥንድ ጥንድ ግልባጭ ሆነው፣ ለዳታቤዙ፣ ምክንያቱም ትናንሽ ጽሑፍ (መረጃ ዲስክ ላይ መጻፍ) ይበዛበታል፤ አንዷ ትንሽ ጽሑፍ በሬይድ 10 ሁለት የዲስክ ሥራ ስትጠይቅ በሬይድ 5 አራት፣ በሬይድ 6 ስድስት ትጠይቃለች። አምስት ዲስክ በሬይድ 6 ለፋይሎች፤ ሁለት ቢሞቱም ይቆማል። አንዷ ዲስክ ሥራ ሳትይዝ ተጠባባቂ ሆና ተቀመጠች። ከ36 ወደ 20 ቴራባይት መውረዳችንን ሳይደብቅ፣ ወረቀት ላይ ደምሮ ነገረን። ባክአፑም ሌላ ማሽን ላይ ሄደ።

ቦታውንም በሙሉ አላደለም። ከአምስት አንዱን እጅ ሳይመድብ ተወው፤ ፓርቲሽን ማስፋት ቀላል ነው፣ መቀነስ ግን መከራ ነው፣ ኤክስኤፍኤስ በሚባለው የፋይል አያያዝ ሥርዓት ላይማ አይሞከርም። ሎጉ (የሲስተሙ የሥራ መዝገብ) ሞልቶ ሲስተሙን እንዳያንቅ ለብቻው ፓርቲሽን ሰጠው።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ርክክቡ ነው። ሰርቨሩ እየሠራ ከዳታቤዙ ዲስኮች አንዷን መዘዘ! ሁላችንም ደነገጥን፤ ዳታቤዙ ግን ሥራውን ቀጠለ፣ ተጠባባቂዋም ወዲያው ገባች። ቀጥሎ ሰርቨሩን አጥፍቶ የመጀመሪያውን ኤስኤስዲ አወጣና በሁለተኛው ብቻ አስነሳው። ቡት ማድረጊያውን (ሰርቨሩን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) አንዱ ላይ ብቻ ጭነው የሚሄዱ ስንት አሉ መሰላችሁ! ዲስኮቹን ወደ ቦታቸው መልሶ የየዲስኩን ሴሪያል ቁጥር መሳቢያው ፊት ላይ ለጠፈ፤ ሬይድን የሚገድለው ብዙ ጊዜ የሞተውን ትቶ ደህናውን የሚነቅል እጅ ነው። የኮንትሮለሩን (ዲስኮቹን የሚያዘውን ካርድ) ካሽ፣ ማለትም የጊዜያዊ ማከማቻውን፣ ባትሪም አይቶ፣ ባትሪው ሲደክም የጽሑፍ ካሹን በግድ ክፍት እንዳናደርግ አስጠነቀቀን፤ መብራት በጠፋበት ቅጽበት ያልተጻፈው መረጃ ይጠፋልና።

ወር በወር ዲስኮቹ በሙሉ እንዲነበቡና ስህተት ሲገኝ ኢሜይል እንዲመጣም አድርጎልናል። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። በእውነት ጥሩት፣ አትጸጸቱም። ሰርቨራችሁን ለቨርቹዋል ማሽኖች (በአንድ ሰርቨር ውስጥ እንደየራሳቸው ኮምፒውተር ለሚሠሩ) የምትከፋፍሉ በተለይ፣ አደራ፣ ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት አማክሩት።

ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እልካለሁ። ከመደወላችሁ በፊት እያንዳንዱ ቨርቹዋል ማሽን አሁን ስንት ቦታ እንደያዘና ባለፈው ዓመት ምን ያህል እንዳደገ ጽፋችሁ ያዙ፤ ያንን ሳያይ ሥራ አይጀምርም።