ማዮማዬን ማህፀኔን ሳላስወጣ ታከምኩት

ማዮማ፣ ማለትም ካንሰር ያልሆነ የማህፀን እጢ፣ ነበረብኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የወር አበባዬ በመጣ ቁጥር መኪናዬ ወንበር ላይ ጥቁር ፎጣ አንጥፌ ነበር ሥራ የምሄደው። ሞዴስ በየሰዓቱ እቀይራለሁ። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፣ ደም አንሶሻል ተባልኩ። እዚህ ሜሪላንድ መጀመሪያ ያየችኝ የማህፀን ሐኪም (ስሟን አልጠራም) "ልጆችሽን ወልደሻል፣ ማህፀኑ ይውጣ" ብላ ቀጠሮ ልትይዝልኝ ነበር። ሌላ አማራጭ እንዳለ ትንፍሽ አላለችም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ኤምቦላይዜሽን የሚባል ነገር እንዳለ የነገረችኝ ነርስ የሆነች ጓደኛዬ ናት። ሆድ አይከፈትም። በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ ያስገቡና ወደ ማህፀን የሚሄዱትን የደም ሥሮች እንደ አሸዋ በደቀቀ ነገር ይደፍኗቸዋል፤ እጢው ደም ሲያጣ ቀስ እያለ ይሟሽሻል። የሚሠራው ኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂስት (በራጅ ምስል እየተመራ በቀጭን ቱቦ የሚያክም ሐኪም) ነው እንጂ የማህፀን ሐኪም አይደለም፤ ብዙዎቻችን ሳንሰማው የምንቀረውም ለዚህ ይመስለኛል። አዲስ ሙከራ እንዳይመስላችሁ፣ የፓሪስ ሐኪሞች ለማዮማ እንደሚሠራ ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1995 ነው።

የእኔ በአንጓዬ ገባ። የሚያረጋጋ መድኃኒት ሰጥተውኝ እያንቀላፋሁ አለቀ። የቀረው ምልክት የክብሪት ራስ አያክልም።

የመጀመሪያዋ ሌሊት ግን ምጥ ናት። "ትንሽ ቁርጠት ይኖራል" ነበር የተባልኩት፣ እንዲህ ተለሳልሶ መነገር አልነበረበትም። ሆስፒታል አድሬ በደም ሥር በሚሰጥ ማስታገሻ ነው ያነጋሁት። ከዚያ ሦስት ቀን ትኩሳትና ማቅለሽለሽ፣ በአሥረኛው ቀን ሥራ ገባሁ። በስድስተኛው ወር በኤምአርአይ ሲታይ ትልቁ እጢ በግማሽ ቀንሷል። ፎጣውን ጥዬዋለሁ።

ለሁሉም ይሆናል አልልም። ገና መውለድ የምትፈልጊ ከሆነ ብዙ ሐኪሞች እጢውን ብቻ ማውጣት ነው የሚያስቀድሙት፤ ወደ ማህፀን ውስጥ ያበጠ እጢ ደግሞ ሆድ ሳይነካ በታች በኩል በካሜራ ይወጣል። እጢውን በመርፌ ወግተው በሙቀት የሚያከስሙበት መንገድም አለ። ኤምቦላይዜሽን ሠርተው ከዓመታት በኋላ እንደገና ሕክምና ያስፈለጋቸውም አሉ።

ማህፀንሽ ይውጣ ከተባልሽ፣ ከመፈረምሽ በፊት ኤምአርአይ ተነሺና ኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂስት አማክሪ። ለመጀመሪያው ሌሊት ምን ማስታገሻ እንደሚሰጡሽ ቀድመሽ ጠይቂ፤ ሰውም አብሮሽ ይደር።