አይዲ ፎር በአዲስ አበባ፦ መኪናው ጥሩ ነው፣ ችግሩ ሶኬቱ ጋ ነው

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ፎልክስቫገን አይዲ ፎር ለአዲስ አበባ በጣም ጥሩ መኪና ነው። ይህን ቀድሜ የምለው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ስንከራከር ሦስት ጉዳዮችን አንድ ላይ ስለምናቦካ ነው። መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ መከልከሉ ያናደደው ሰው መኪናውን ይሰድባል። እገዳውን የሚደግፈው ደግሞ መኪናው ምንም እንከን የለውም ብሎ ይሟገታል። አስመጪው ለገበያው ይናገራል። መሀል ላይ ገንዘቡን ይዞ ልግዛ አልግዛ የሚል ሰው አለ፣ ለእሱ የሚመልስለት የለም። እኔ የምጽፈው ለእሱ ነው።

መጀመሪያ ስለ ጉልበቱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ እስከ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ቪትዝ ወይም አሮጌ ኮሮላ አምስት ሰው ጭኖ ሽቅብ ሲወጣ ማርሽ ቀንሶ የሚያቃስተው ለዚህ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለው ጉልበት ሽሮ ሜዳም ላይ ያው ነው፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጡም ያው ነው። ሰዎች ፍጥነቱን ያወራሉ እንጂ ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ለከፍታ ከተማ ከኤሌክትሪክ ሞተር የተሻለ ነገር እስካሁን አልተሠራም ብል አላጋነንኩም።

ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለ። የማርሽ መምረጫውን ከተራው መንጃ ከዲ ወደ ቢ ስታዞሩት እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ላይ ስታነሱ መኪናው ራሱን ይይዛል፣ የሚባክነውን ጉልበትም ወደ ባትሪ ይመልሳል። ፍሬን መርገጥ በጣም ይቀንሳል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ባትሪው 100 በመቶ ሞልቶ ከእንጦጦ የምትወርዱ ከሆነ የሚመለሰውን ኃይል ማስቀመጫ ቦታ የለውም፣ ስለዚህ መኪናው እንደለመዳችሁት አይዝም። ዳገት ላይ የምትኖሩ ሰዎች ቻርጁን 80 ወይም 90 በመቶ ላይ አቁሙት።

ውስጡ ሰፊ ነው፣ ጸጥታውም ለትራፊክ መጨናነቅ መድኃኒት ነው። የማይወደድ ነገርም አለው። የድምፅና የሙቀት መቆጣጠሪያው ቁልፍ የለውም፣ በጣት የሚዳበስ ሰሌዳ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ላይ ሌሊት እንኳ አይበራም። በሾፌሩ በኩል የመስኮት ማብሪያው ሁለት ብቻ ነው፣ የኋላውን ለመክፈት ሌላ ቦታ ነክቶ መቀየር ያስፈልጋል። ይሄ እየነዱ መሥራት ያለባችሁ ነገር ስለሆነ ቀላል ጉድለት አይደለም። ጀርመኖቹ ራሳቸው በኋላ ወደ ቁልፍ ለመመለስ ወስነዋል።

አሁን ስለ ርቀቱ። ደላላው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል ይላችኋል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፣ ግን በቻይና መለኪያ የተለካ ነው፣ የቻይናው መለኪያ ደግሞ በአብዛኛው ዝግ ያለ የከተማ ጉዞን ነው የሚመስለው። መኪናው ትልቅና ትንሽ ባትሪ አማራጭ አለው፤ ትልቁ 84.8 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፣ ኪሎዋት ሰዓት ማለት የቤታችሁ ቆጣሪ የሚቆጥረው መለኪያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በጥንቃቄ ከነዳችሁት በእርግጥ ብዙ ይሄዳል፣ አየሩ ስለማይቀዘቅዝና ስለማይሞቅ ባትሪው ይመቸዋል። ፈጣን መንገድ ላይ ግን በሰዓት 110 ስትነዱ በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 20 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ስለዚህ ከ350 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ብላችሁ አስቡት። አዳማ ደርሶ መልስ ምንም ስጋት የለውም። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ መሄዱ ቀላል ነው፣ መመለሻው ላይ ግን ቻርጅ የግድ ነው። ደግሞም አትርሱ፣ ሁለቱም ከተሞች ከአዲስ አበባ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያሉ ናቸው። ስትሄዱ ባትሪው አልቀንስ ይላል፣ ስትመለሱ ሽቅቡ ብቻ ተጨማሪ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በሄዳችሁበት ልክ እመለሳለሁ ብላችሁ አታስሉ። ትንሹ ባትሪ፣ ባለ 57.3ቱ፣ ለከተማ ሥራ በቂ ነው፤ ክፍለ ሀገር ለሚመላለስ ሰው ግን አልመክረውም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሶኬት።

ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካ ከሆነ 10 አምፒር ገደማ ነው፣ ይሄ ማለት 2.2 ኪሎዋት። ትልቁን ባትሪ ከባዶ በዚህ ልሙላ ካላችሁ ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ይፈጃል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ግን ማን ነው በየቀኑ ከባዶ የሚሞላው? ከአያት ቦሌ፣ ከቦሌ ፒያሳ የሚመላለስ ሰው በቀን 50 ኪሎ ሜትር ቢነዳ 9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው የሚጠቀመው፣ ያንን ተራ ሶኬት በአምስት ሰዓት እንቅልፍ ይመልሰዋል። ስለዚህ የራሳችሁ ግቢ ካላችሁ ፈጣን ቻርጀር ፍለጋ መዞር አያስፈልጋችሁም።

የሚያስፈልጋችሁ ጥሩ ኤሌክትሪሺያን ነው። ከገበያ በተገዛ ቀጭን ኤክስቴንሽን መኪና ቻርጅ ማድረግ ቤት ማቃጠል ነው፤ ይህን ሳላጋንን ነው የምናገረው። ሶኬት ለሰዓታት ሙሉ ጭነት ተሸክሞ እንዲቆይ አልተሠራም። ለብቻው ከብሬከር የተነሣ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ በትክክል የተቀበረ የመሬት ሽቦ አሠሩ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር ካስገባችሁ 32 አምፒር ይስባል። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ከሠሩ የብዙ ቤት ቆጣሪ አይችለውም። እንጀራ ቀን ይጋገር፣ መኪናው ሌሊት ይሞላ፤ ሌሊት የሰፈሩ ትራንስፎርመርም ያርፋል። መብራት ስለሚቆራረጥ ደግሞ ሲመለስ ከሚመጣው ከፍ ያለ ቮልቴጅ የሚጠብቅ መከላከያ አድርጉበት።

ግቢ የሌለውስ? እዚህ ላይ ነው ክርክሩ እውነተኛ የሚሆነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው መኪናውን ታች አቁሞ ከየት ነው የሚሰካው? የጋራው ቆጣሪ ላይ ልሰካ ቢል ጎረቤት ይቃወማል፣ ልክም ነው፤ ሒሳቡን ማን ይከፍላል? ከፎቅ ሽቦ መልቀቅ አደጋ ነው። ስለዚህ የሚቀረው የሕዝብ ቻርጀር ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 አዲስ አበባ ውስጥ ፈጣን ቻርጀሮች ከፍቷል፣ ክፍያውም በቴሌብር ነው፤ ጥሩ ጅምር ነው። ግን ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ በፈጣን ቻርጀር ብቻ መኖር ማለት የነዳጁን ሰልፍ በሌላ ሰልፍ መቀየር ነው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፓርኪንግ ላይ የየራሱ ቆጣሪ ያለው ሶኬት እስካልተተከለ ድረስ የኤሌክትሪክ መኪና ፖሊሲው የሚጠቅመው ግቢ ያለውን ነው። ይሄ የቴክኖሎጂ ጉዳይ አይደለም። ወፍራም ሽቦና ቆጣሪ ነው የሚፈልገው።

ሌላው የሶኬት ጣጣ ዓይነቱ ነው። እኛ ጋ የገቡት አይዲ ፎርና ትልቁ ወንድሙ አይዲ ሲክስ በአብዛኛው ቻይና ውስጥ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ አይዲ ሲክስ እንዲያውም ለቻይና ታስቦ የተሠራ ሞዴል ነው። መሰኪያቸው ጂቢ/ቲ የሚባለው የቻይና ዓይነት ነው። አውሮፓ የሚጠቀመው ሲሲኤስ 2 ነው። አንድ ጣቢያ ስትሄዱ ለእናንተ መኪና የሚሆን መሰኪያ መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከዚሁ ጋር የቋንቋው ነገር አለ። ስክሪኑ በቻይንኛ ነው። እንግሊዝኛ አስገባልሃለሁ የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፣ አንዳንዱ ሥራውን ያውቃል፣ አንዳንዱ ግን ያበላሻል። ይህን ሰው እንደ ውበት ነገር ያየዋል፣ ለእኔ ግን የደኅንነት ጉዳይ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ጽሑፍ ሲወጣ ቁም ማለት ይሁን በር አልተዘጋም ማለት ይሁን ሾፌሩ ማንበብ አለበት። የፋብሪካው ዋስትናም ቻይና ውስጥ ለሚሸጥ መኪና የተሰጠ ነው፣ እዚህ ድረስ አብሯችሁ አይመጣም። አስመጪው ራሱ የሚሰጣችሁን ዋስትና በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ባትሪውን ይጨምር አይጨምር ለይቶ ይጻፍ።

ጎማው። የፊቱ ስፋት 235 ሚሊ ሜትር፣ የኋላው 255 ነው፣ ስለዚህ የፊቱና የኋላው አይቀያየሩም። ትርፍ ጎማ ደግሞ ይዞ አይመጣም፣ ማሸጊያና ትንሽ መንፊያ ነው ያለው። ጎኑ ከተቀደደ ጎሚስታ ምንም አያደርግላችሁም። ክፍለ ሀገር የምትወጡ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ አስቡበት። ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለሆነ ደግሞ የተነሣ ድንጋይ ያለበት መንገድ ላይ ቀስ በሉ። እና ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪ አትርሷት፤ የትኛውም ኤሌክትሪክ መኪና ላይ እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናው አይነሣም።

ስለ ገንዘቡ አጭር ስሌት። በ2017 ገና ሰሞን ቤንዚን በሊትር 101.47 ብር ገባ፣ ከዚያ ወዲህም ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አላየንም። ከተማ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚጠጣ መኪና በዚያ ዋጋ እንኳ ከ1,000 ብር በላይ ያስወጣል። ኤሌክትሪኩ ታሪፉ እየጨመረ ነው፣ እሺ፣ አንዱን ኪሎዋት ሰዓት 10 ብር አድርጋችሁ አስሉት። ለ100 ኪሎ ሜትር 18 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ 180 ብር ነው። ዘይት የለም፣ ፊልትሮ የለም፣ ካንዴላ የለም። በዕለት ወጪ የሚከራከር ሰው ካለ ቁጥሩን ያምጣ።

የመግዣ ዋጋው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ ከ100 በላይ ሄደ። ከውጭ በዶላር የሚገባ መኪና ከዚህ ሊያመልጥ አይችልም። እገዳው ራሱ ደግሞ ግቢ ውስጥ የቆመውን አሮጌ ቤንዚን መኪና አስወደደው፣ ምትክ ስለማይገባ። ስለዚህ ሁለቱም ተወደዱ።

እገዳው በጥር 2016 በትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ በዶ/ር ዓለሙ ስሜ ሲነገር ምክንያቱ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነበር። ምክንያቱን እቀበላለሁ። ነዳጁን በዶላር እንገዛለን፣ ኤሌክትሪኩን ከራሳችን ወንዝ እናመነጫለን። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ ብቻ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ግን ግድቡ ላይ ያለው ኃይል እና ሰፈሬ ትራንስፎርመር ላይ ያለው ኃይል አንድ አይደለም። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና መብራት አላገኘም። እገዳውን ከሚደግፉት ጋር የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። መኪናው እንዲገባ በተወሰነ ፍጥነት ሽቦው፣ ቆጣሪው እና ሜካኒኩ አልተዘጋጁም። ከሚቃወሙት ጋር የማልስማማው ደግሞ መፍትሔው ወደ ነዳጅ መመለስ ነው ሲሉ ነው። የሚገባው መኪና በሙሉ ሾፌሩ በሚያነበው ቋንቋ ይምጣ፣ የባትሪ ጤና ሪፖርት ይኑረው፣ የሚሸጠው ድርጅት መለዋወጫና የሠለጠነ ሰው ይኑረው። ይህን የሚያስገድድ መመሪያ ነው እኔ ከመንግሥት የምፈልገው።

ለመግዛት የምታስቡ፦ ግቢ ካላችሁና በአብዛኛው የምትነዱት ከተማ ውስጥ ከሆነ ግዙ፣ አይቆጫችሁም። ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ መጀመሪያ ከማኅበሩ ጋር ስለ ቆጣሪው ተስማሙ፣ ከዚያ ነው መኪና ማየት። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ቀብድ ሳትከፍሉ ባትሪውን በኮምፒውተር አስለኩ፣ ከሥር አስነሡና ወለሉ የተመታ መሆኑን እዩ፣ ፈጣን ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ መቀበሉን አረጋግጡ፤ ቤት ውስጥ በደንብ እየተሞላ ፈጣኑን የማይቀበል መኪና አለና። የሐዋሳ ወይም የጅማ መስመር ላይ ጂቢ/ቲ ያለው የሚሠራ ፈጣን ቻርጀር የተጠቀማችሁ ካላችሁ ደግሞ ቦታውንና ሰዓቱን ጻፉልን፣ ብዙ ሰው እሱን ነው የሚጠይቀኝ።