ያገለገለ የባሕር ድንጋይ ከሜክሲኮ አደባባይ፦ ድንጋዩን ግዙ፣ እጥበቱን ተዉት

የጨው ውሃ አኳሪየም ለመጀመር አስባችሁ የአዲስ ድንጋይ ዋጋ ስትሰሙ ለተዋችሁት ነው የምጽፈው። ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ያገለገለ የባሕር ድንጋይ፣ ማለትም ገንዳ ውስጥ የሚደረደረውን ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ፣ በኪሎ የሚሸጥ የጌጥ ዓሣ መሸጫ አለ። ዋጋው የአዲሱን ግማሽ አይሞላም። ድንጋዩን ግዙ እላለሁ። ጭማሪ አስከፍለው የሚያጥቡላችሁን እጥበት ግን ተዉት።

ቤቱ ጠባብ ነው። ፊት ለፊት ያለው ሁሉ ጎልድፊሽና ጉፒ ነው፤ የባሕር ነገር ያለው ከመጋረጃው ኋላ ነው። ድንጋዩ ሰዎች ካፈረሷቸው ገንዳዎች የተሰበሰበ ስለሆነ በማዳበሪያ ታጭቆ ተከምሯል። መብራቱ ደካማ ነው፣ የስልካችሁን ባትሪ አብሩ። ደስ ያለኝ ነገር ማዳበሪያውን ዘርግፎ መምረጥ መፈቀዱ ነው። እኔ ቀለል ያሉትንና ቀዳዳቸው የበዛውን ለየሁ። ውሃውን የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት እነዚያ ቀዳዳዎች ውስጥ ስለሆነ ከባድና ድፍን ድንጋይ በኪሎ መግዛት ብር ማባከን ነው። በትንሽ ጠርሙስ አቼቶም ይዤ ነበር የሄድኩት። የባሕር ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነውና አቼቶ ጠብ ሲልበት እንደ አምቦ ውሃ አረፋ ያወጣል። አንዳንዱ ቁራጭ ግን ዝም አለ፤ የእኛው የአገር ቤት ጥቁር ድንጋይ ነው፣ የቀድሞው ባለቤት ለማሳመሪያ የጨመረው ይመስለኛል። የሚሸጠው ልጅ ሳይከራከር ከሚዛኑ አወረደልኝ።

ለዚህ ቤት ትልቁን ነጥብ የምሰጠው ለባለቤቱ ነው። በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ይሄ ድንጋይ የነበረበት ገንዳ መድኃኒት ገብቶበት ያውቃል?» ብዬ ስጠይቃቸው ሳያቅማሙ ተነሥተው ክምሩን ለሁለት ከፈሉልኝ። «ይኼኛው መዳብ ያየ ነው የኔ ልጅ። ሽሪምፕና ኮራል ካሰብሽ አትንኪው» አሉኝ። የዓሣ ጥገኛ ተውሳክ ለማከም መዳብ ያለበት መድኃኒት ይጨመራል፤ ድንጋዩ መዳቡን ይይዝና በኋላ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ዓሣ ሊችለው ይችላል፣ ሽሪምፕ፣ ቀንድ አውጣና ኮራል ግን አይችሉትም። በእጥበትም አይወጣም። ይህን ሳይደብቅ የሚናገር ነጋዴ በዚህ ከተማ በሌላም ንግድ ብዙ አላጋጠመኝም።

እጥበቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ልጁ ያደረገው በጎማ ውሃ መርጨትና በልብስ ብሩሽ ማሸት ነው፤ ከላይ ሲታይ ነጭ ብሎ ያምራል። ቤት ወስጄ በሳፋ ውሃ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ሽታው ከበረንዳ አልፎ ኮሪደሩን ሞልቶት ነበር፤ ጎረቤቴ እማማም ቋንጣ የተበላሸብኝ መስሏቸው በር አንኳኩ። ሥራዬ ላብራቶሪ ውስጥ ስለሆነ መመርመሪያ ሳልነክር አላምንም። ውሃውን ስለካው የአሞኒያው፣ ከብስባሽ የሚወጣውና ዓሣ የሚገድለው፣ ቀለም የመጨረሻው ላይ ደረሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ድንጋዩ ሲደርቅ በየቀዳዳው የነበረው ስፖንጅ (የባሕር እንስሳው) እና ትል እዚያው ሞቶ ደርቋል እንጂ አልወጣም። ውሃ ሲያገኝ እንደገና መበስበስ ይጀምርና አሞኒያና አልጌ የሚመግበውን ፎስፌት ይለቃል። በጎማ የተረጨ ውሃ እዚያ ድረስ አይገባም።

ደውዬ ስነግረው ልጁ «እትዬ፣ በድስት ቀቅይው በቃ» አለኝ። ይህን ምክር ከማንም ብትሰሙ አትቀበሉ። ዞአንቲድ የሚባሉት የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ የኮራል ዘመዶች አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ ኃይለኛ መርዝ አላቸው። እሳት በቀላሉ አያጠፋውም፤ በእንፋሎቱ ቤተሰቡ ሙሉ ታሞ ሆስፒታል የገባበት አጋጣሚ በውጭ አገር ተመዝግቧል። በደረቅ ድንጋይ ላይ የቀረ ቅሪት ቢኖርስ? ለዚህም ነው በብሩሽ ሳሽ ጓንትና መነጽር የማላወልቀው፣ ድንጋዩንም እርጥብ አድርጌ እንጂ ደረቁን የማላሸው።

እጥበቱን እኔው ሠራሁት። የቀረውን በካቻቢቴና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጎርጉሬ አወጣሁ፤ ከዚያ በረኪና። ከሱቅ ስትገዙ ሽታ ያልተጨመረበትንና ሳሙና ያልተቀላቀለበትን ምረጡ፤ ጠርሙሱን ነቅንቁት፣ አረፋው ቶሎ ካልጠፋ መልሱት። የተመረተበትን ቀንም እዩ፣ በረኪና ሲቆይ ኃይሉ ይደክማል። አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ በጥብጬ፣ ውሃው እንዲዞር ትንሽ ፓምፕ ከትቼ፣ ክዳን ባለው በርሜል ውጭ በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት። በረኪና የበሰበሰውን ነገር ያቃጥላል፤ ድንጋዩ ውስጥ የገባውን ፎስፌት ግን አያወጣም። ስለዚህ ደጋግሜ አለቅልቄ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ የክሎሪን ሽታው ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ አቼቶ ውስጥ ነከርኩት። አሲድ የላዩን ስስ ሽፋን ሲያሟሟ የተጣበቀውን ፎስፌት ይዞት ይሄዳል። የሽንት ቤቱ አሲድ ፈጣን ነው የሚሉ አሉ፤ ቀለምና ሌላ ቅመም ስላለበት እኔ አልጠቀምም። በረኪናና አቼቶ በምንም መንገድ አይገናኙ፦ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው፣ ሳንባ ያቃጥላል። በመሐል መታጠብና መድረቅ ያለበት ለዚህ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ ይህን ሥራ ሮቷችሁ ሙሉ የሆነ ቀን ጀምሩት፤ ማለቅለቂያው ብዙ ውሃ ይበላል።

የመጨረሻው ደረጃ ትዕግሥት ነው፤ የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች እንደገና እስኪሰፍሩበት መጠበቅ። በርሜሉን በጨው ውሃ ሞላሁ፣ በሊትር 35 ግራም ያህል የአኳሪየም ጨው። የአፍዴራ ጨው አይተካውም፣ የባሕር ውሃ ያለው ካልሲየምና ማግኒዚየም በሚፈለገው መጠን የለበትም። ማሞቂያው 25 ዲግሪ ላይ፣ ፓምፑ በርቶ፣ ጨለማ ቦታ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች ውሃችን የሚይዘው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ካለው ውሃ ያነሰ ነው፤ የአየር ፓምፕ ጨምሩበት፣ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ በባትሪ የሚሄድ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። አሞኒያውና ባክቴሪያዎቹ ከእሱ የሚሠሩት ሌላው መርዝ ናይትራይት ዜሮ ሆነው እስኪቆዩ በየሳምንቱ ውሃውን በከፊል እየቀየርኩ ጠበቅሁ፤ ይህ ሳምንታት ይፈጃል። ፎስፌቱም ከ0.1 ሚሊግራም በሊትር በታች ወረደ። ድንጋዩ አሁን ገንዳው ውስጥ ነው፣ አንድም የአልጌ ችግር አላየሁበትም።

የበረኪናውንና የአቼቶውን ዋጋ ደምሬ እንኳ ከአዲስ ድንጋይ በብዙ ረክሶልኛል፤ የእጥበቱን ክፍያ ግን በነጻ እንደሰጠሁ እቆጥረዋለሁ። ለድንጋዩ ከአምስት አራት፣ ለባለቤቱ አምስት፣ ለእጥበቱ አንድ። የሚሸጡት ጨው ከሌላ ቦታ ብዙም አይወደድም፣ የሙከራ ኪት ግን የላቸውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ባትሄዱ ይሻላል። ጋሼ ያን ጊዜ አይኖሩም፣ ልጁ ደግሞ መዳብ ያየውን ክምር ከሌላው አይለየውም።