ድሬዳዋ ላይ የወፍጮ ሻፍት ማስጠገን፦ እጁ አስተማማኝ፣ ብረቱ አጠያያቂ

ሐረር ወይም ሐሮማያ ላይ ወፍጮ ያለው ሰው ሻፍቱ (የወፍጮው የሚሽከረከር ዘንግ) ሲበላበት የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ድሬዳዋ መግባቱ አይቀርም። ይህ ግምገማ የአንድ ቤት አይደለም። የከተማዋ አነስተኛ ቶርኖ ቤቶች (ብረት እያሽከረከሩ የሚቀርጹ ጋራዦች) ምኑን አሳምረው እንደሚሠሩ፣ የት ላይ እንደሚያበላሹና ደንበኛው ምን ማለት እንዳለበት ለማሳየት ነው።

በብዛት የሚመጣው ሥራ የኩሽኔታ መቀመጫ ማደስ ነው፤ ኩሽኔታ ሻፍቱን ይዞ በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት ነው፣ መቀመጫው ደግሞ ቀለበቱ የሚገባበት የሻፍቱ ክፍል ነው። 6308 ኩሽኔታን እንውሰድ፤ ቀዳዳው 40 ሚሊ ሜትር፣ የውጭ ስፋቱ 90፣ ውፍረቱ 23 ነው። ኩሽኔታው ሻፍቱ ላይ መንሸራተት ከጀመረ መቀመጫው እየተፋቀ 39.8 እና ከዚያ በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ አዲስ ኩሽኔታ ገዝቶ መክተት ገንዘብ መጣል ነው። መቀመጫውን በሹል መምቻ ነጥብ በነጥብ አቁስሎ ማሳበጥ ወይም የጣሳ ቆርቆሮ መጠቅለል ደግሞ እስከ ገበያ ቀን ያደርሳል እንጂ ጥገና አይባልም።

ደህና ቶርኖ ቤት እንዲህ ይሠራል። የተበላው ቦታ መጀመሪያ በዲያሜትር ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይላጣል። ይህን ዘለው በተበላው ላይ በቀጥታ የሚበይዱ አሉ፤ የደከመው ቆዳ ከሥር ስለሚቀር ብየዳው በኋላ ይላቀቃል። ከዚያ ሻፍቱ ይሞቃል፤ መካከለኛ ካርቦን ላለው ብረት ከ150 እስከ 250 ዲግሪ ያስፈልጋል። ብየዳው በደረቅ 7018 ኤሌክትሮድ (ይህ ቁጥር ያለበት የብየዳ ዘንግ) ይሁን። ፓኬቱ ተከፍቶ የሰነበተ ኤሌክትሮድ እርጥበት ይስባል፣ እርጥበቱም ብየዳው ሥር የማይታይ ስንጥቅ ይሆናል። መስመሩ አንድ ከላይ፣ ቀጥሎ አንድ ከተቃራኒው ወገን እየተባለ መሄድ አለበት፤ በአንድ ወገን ብቻ ከተሞላ ሻፍቱ ይጣመማል። ሲያልቅ ደረቅ አመድ ውስጥ ተቀብሮ ይደር። ውኃ የሚደፋበት ቤት ካዩ ሻፍትዎን ይዘው ይውጡ።

ቀጥሎ ልኩ ይመጣል። የሚሽከረከር ሻፍት ላይ 6308 በደንብ የሚይዘው መቀመጫው ከ40.002 እስከ 40.018 ሲሆን ነው። ይህ በተለመደው መለኪያ በካሊፐር የሚደረስበት አይደለም፤ ከሱ ይበልጥ ረቂቅ የሚለካው ማይክሮሜትር የሌለው ቤት ይህን ሥራ ባይቀበል ይሻላል። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ሙቀቱ አለ። አሁን ከቶርኖ የወረደ ሻፍት 60 ዲግሪ ላይ ቢለካና በኋላ ወደ 25 ቢቀዘቅዝ፣ 40 ሚሊ ሜትሩ ወደ 0.017 ገደማ ይኮማተራል። የተፈቀደው ልዩነት 0.016 ነው። ትኩሱን ለክቶ «ልክ ነው» ያለ ሠራተኛ አልዋሸም፣ ግን ኩሽኔታው ማታ ላላ ይሆናል። ስለዚህ የመጨረሻው ልክ ጠዋት ይወሰድ። ለነገሩ ከሰዓት በኋላ በርጫው ስለሚጀመር ጥንቃቄ የሚፈልግ ሥራ በጠዋት ማስረከብ በሁሉም በኩል ያዋጣል።

የመቀመጫው ጥግ፣ ማለትም ቀጭኑ ከወፍራሙ የሻፍት ክፍል የሚገናኝበት፣ ሌላው መሰበሪያ ነው። ጥጉ በሹል ከተቆረጠ ሻፍቱ እዚያው ላይ ይበጠሳል። 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክብ ይተውለት፤ ከ1.5 ካለፈ ግን ኩሽኔታው እስከ መጨረሻው አይጠጋም።

ይህን ሁሉ ሳይነገራቸው የሚያውቁ እጆች ድሬዳዋ ላይ የበዙት ከመሬቱ አቀማመጥ የተነሣ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር ነበር። ሐረር ግን ወደ 1,900 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ ከተራራው እግር ሥር ያለው ሜዳ 1,200 ሜትር ግድም ነው። ባቡር ያን ዳገት አይወድም። ስለዚህ በ1895 ዓ.ም. እግሩ ሥር ቆመ፣ «አዲስ ሐረር» የተባለችው ከተማም እዚያው በቀለች። መስመሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከድሬዳዋ ወዲያ እስኪቀጥል ድረስ ለዓመታት የሐዲዱ መጨረሻ ድሬዳዋ ነበረች። የሸሚንደፈር (የባቡሩ ድርጅት) ጋራዥ የተተከለውም እዚሁ ነው። ባቡር በረሃ ውስጥ ሲሰበር መለዋወጫ ከፈረንሳይ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ መቅለጥ ያለበት እዚያው ይቀልጣል፣ መቀረጽ ያለበት ይቀረጻል። ሐረር ከስፌቱ፣ ከጌጣጌጡና ከመጽሐፍ ድጉሰቱ ጋር የእጅ ጥበብ ከተማ ሆና ስትቀር ታች ያለችው የማሽን ከተማ ሆነች። ጣሊያን በያዘበት ዘመን የሲሚንቶ ፋብሪካ ሲተከልም ምክንያቱ ያው ነው፤ የኖራ ድንጋዩ በቅርብ አለ፣ ከባድ ዕቃ የሚጭን ሐዲድም አለ።

ድሬዳዋ ያገኘችውን የወሰደባትም መንገድ ነው። ከ1990ው ጦርነት በኋላ የአገሪቱ ጭነት ከአሰብ ወደ ጅቡቲ ሲዞር ድሬዳዋ የምትጠቀም ይመስል ነበር። መኪናው ግን በጋላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ ሄደ፤ ከተማዋን ሳያያት ያልፋል። አሮጌው ባቡርም እየተቆራረጠ ቆመ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማ ወጣ ያለ ነው፤ የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ሲሆን የድሮው 1,000 ነበር። በ1,000 ላይ ያደገ ጋራዥ ለአዲሱ ባቡር ምንም አያደርግለትም። የደወሌ አስፋልት አንዳንድ ጭነት መልሷል፣ እሱም ቢሆን እንደ ሸሚንደፈሩ ከተማ ውስጥ ቆሞ የሚጠገን አይደለም።

ደንበኛው ይህን የሚያየው በብረቱ ነው። እጁ ቀርቷል፣ ጥራቱ የታወቀ ብረት ግን እንደ ልብ አይገኝም። አዲስ ሻፍት ሲያስቀርጹ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ከከባድ መኪና የወጣ አሮጌ የኋላ ሻፍት ነው። ጥሩ ብረት ነው፤ ጠንካራ ስለሆነ ግን የቶርኖ ቢላ ይበላል፣ ሳይሞቅ ከተበየደም ይሰነጠቃል። ከሁሉ የከፋው ቶንዲኖ (የግንባታ ብረት) ነው። ቶንዲኖ ለቤት ኮለን እንጂ ለሚሽከረከር ነገር አይሆንም። ከመስማማትዎ በፊት ጫፉን በግራይንደር ያስነኩት፦ ብልጭታው ረጅምና ጥቂት ፍንጣሪ ብቻ ያለው ከሆነ ለስላሳ ብረት ነው፤ እንደ አበባ እየፈነዳ የሚበተን ከሆነ ካርቦኑ ከፍ ያለ ነው። የኋለኛውን ይምረጡና ማሞቁን አይርሱ።

ቡሽ (ሻፍቱ ውስጡ የሚዞርበት የነሐስ ቀለበት) ማስቀረጽ ላይ ቅሬታ የለም፤ ነሐሱን ራስዎ ገዝተው ቢሄዱ የበለጠ ነው። ጥርስ (የጊር ጥርስ) ላይ ግን መጠንቀቅ ይገባል። ለእያንዳንዱ የጥርስ መጠን 8 መቁረጫ ያለው ስብስብ ያስፈልጋል፤ ያ ስብስብ የሌለው ቤት በቀረበው መቁረጫ ቆርጦ በሞረድ ያስተካክለዋል። እንዲህ ያለው ጥርስ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ጓደኛውንም ይበላል።

ዋጋ ሲነጋገሩ ብረቱንና እጁን ለየብቻ ያስነግሩ፤ ተደምሮ ከተነገረ የትኛው ብረት እንደገባ አይታወቅም። ሲረከቡም ኩሽኔታውን ይዘው ይሂዱ። ከተዘጋው ዓይነት ካልሆነ ዘይት ውስጥ ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ሞቆ ሲገባ እሰይ ነው። ሳይሞቅ በእጅ ገፍተውት ሸርተት ብሎ ከገባ ግን ሻፍቱን እዚያው ትተው ሂሳቡን ይያዙ።