ማዳም «ደሞዝሽን ለእህትሽ አካውንት ላስገባ» ካለቻችሁ እሺ እንዳትሉ

ሳዑዲ ቤት ውስጥ የምትሠሩ እህቶች፣ በተለይ አዲስ የመጣችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ። «ደሞዝሽን እኔው በቀጥታ አዲስ አበባ እልክልሻለሁ፣ አንቺ ምን አደከመሽ» ስትባሉ ደግነት ይመስላል። እኔም መስሎኝ ነበር።

ኮንትራቴ 1000 ሪያል ነው። የመጣሁት መስከረም 2016 ላይ ነው፣ ያን ጊዜ ዶላር በባንክ 55 ብር አካባቢ ነበር፤ አንድ ዶላር ደግሞ ሁሌም 3.75 ሪያል ስለሆነ የኔ ደሞዝ ወደ 14,600 ብር ይመጣል። ማዳም «በየወሩ 14,500 ብር ለእህትሽ» አለች። እንደልብ መውጣት የለ፣ የመላኪያ ክፍያም ይቀርልኛል ብዬ ደስ አለኝ። ጅል!

ብሩ ሳይቋረጥ ይገባ ነበር፣ አልዋሽም። ግን በየወሩ እህቴ በማታውቀው ሰው ስም ነው፣ አንዴ ወንድ፣ አንዴ ሴት። ለካ የሚላከው በብላክ (በጥቁር ገበያ) ኖሯል። በዚያን ጊዜ ብላክ ላይ ዶላር የባንኩን እጥፍ ያወጣ ስለነበር 14,500 ብር ለማስገባት ከደሞዜ ግማሹ ይበቃል ማለት ነው። ሌላው ግማሽ ማዳም ኪስ ይግባ ላኪው ኪስ፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 መንግሥት ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። በሳምንታት ውስጥ ዶላር በባንክም 100 ብር አለፈ። 1000 ሪያል እኮ ከ26 ሺህ ብር በላይ ሆነ! እህቴ ጋ ግን እስከ ታኅሣሥ ያቺው 14,500። «እንደድሮው ገባ» ትለኛለች፣ እኔም እሰይ እላለሁ። የነቃሁት ግብዣ ላይ ሳህን ሳጥብ ነው፤ አጠገቤ የነበረች የደሴ ልጅ በወር ስንት ብር ለቤቷ እንደሚደርስ ስትነግረኝ እጄ ላይ ያለው ሳህን ሊያመልጠኝ ነበር።

ማዳምን ጠየቅኳት። «የተስማማነው በብር ነው» አለች። ወረቀት የለ፣ ደረሰኝ የለ። የእህቴ ስቴትመንት ቢወጣ የሚያሳየው አገር ቤት ያለ ሰው ብር እንዳስገባላት ብቻ ነው፣ ደሞዝ የሚል ቃል የለበትም። አንድ ሁለት ወር ብትዘል ኖሮ በምን አስረዳ ነበር?

ስለዚህ በሪያል፣ በራሳችሁ ስም ተቀበሉ። በፈረንጆቹ ከጁላይ 1፣ 2024 ጀምሮ አዲስ ውል ያላቸው የቤት ሠራተኞች ደሞዝ በሙሳነድ (የሳዑዲ መንግሥት የቤት ሠራተኞች መድረክ) በኩል በዲጂታል መንገድ እንዲከፈል ታዟል፤ እኔ ቀድሜ ስለመጣሁ ያኔ አልደረሰኝም። ደሞዝ የሚገባበት ካርድና የሚስጥር ቁጥሩ ደግሞ እናንተ ጋ ይሁን፣ «እኔ ጋ ይቀመጥልሽ» ከተባለ ያው ነው። ስትልኩ የዕለቱን ምንዛሪ ጠይቁ፣ «ያለ ክፍያ» የሚሉት አንዳንዶቹ ከምንዛሪው ላይ ነው የሚቆርጡት።

የኔ አሁን በካርድ ይገባል። ያለፈውን ልዩነት ሳነሳባት ግን ማዳም ሻይ አፍዪ ትለኛለች።