ልጄን ያስገባሁበት የሐዋሳ የክረምት ካምፕ፣ እንዳየሁት

ሐዋሳ ያላችሁ እናቶች ስለ ክረምት ካምፕ ስትጠያየቁ ስለማይ ያየሁትን ልንገራችሁ። አምና ክረምት ልጄን (8 አመቱ ነው) ሐይቁ አካባቢ አንድ ካምፕ ለ2 ሳምንት አስገብቼው ነበር፣ ቀን ቀን ውለው ይመለሳሉ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ አንድ ሌሊት እዛው ያድራሉ። ልጁ ደግሞ ፈሪ ነው፣ መብራት ጠፍቶ አይተኛም፣ አሞራ ገደል አሳ ልንበላ ሄደን አባ ኮዳ (ትልቁ ወፍ) ጠጋ ካለ እኔ ላይ ነው ሚንጠለጠለው። ጥፋቱ የኛ ነው እንግዲህ፣ አልበላም ባለ ቁጥር አያ ጅቦ መጣልህ እየተባለ ነው ያደገው።

የመጀመሪያ ቀን በር ላይ "ካስጠላህ አስደውል መጥቼ እወስድሃለሁ" ስለው አስተባባሪዋ ሰማችና ወደ ጎን ሳብ አርጋኝ "እንደዛ አትበዪው፣ አትችልም እያልሽው እኮ ነው" አለችኝ። እሺ ብዬ ሳያየኝ ሹልክ ልል ስል እሱንም ከለከለችኝ፣ ቻው በዪው፣ ስንት ሰአት እንደምትመጪ ንገሪውና ሂጂ። ባጃጅ ውስጥ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

የወደድኩላቸው ማንንም አያስገድዱም ግን ፈራ ብለውም አይተውትም። ጀልባ አልወጣም ብሎ ድርቅ ሲል መጀመሪያ ቀን ላይፍ ጃኬቱን ለብሶ ዳር ላይ ገመድ ብቻ ያዘ፣ በማግስቱ የታሰረው ጀልባ ላይ ቁጭ አለ፣ በ3ኛው ቀን ራሱ እኔስ አለ። ወንድ ልጅ አይፈራም ምናምን የሚል ሰው አልሰማሁም። ሐይቁ ውስጥ ግን ማንም አይዋኝም፣ ጉማሬም አለ ብልሃርዚያም አለ፣ ለመዋኘት ሆቴል ፑል ነው የሚወስዷቸው፣ ይሄን ደግሞ ሳልጠይቅ ነው የነገሩኝ።

የአዳሩ ለታ ሊነጋጋ ሲል ዛፍ ላይ የሆነ ነገር ያገሳል፣ የኔው በቃ አያ ጅቦ ነው ብሎ ብርድ ልብስ ውስጥ። ሚሷ ምንም የለም ተኛ አላለችውም፣ ባትሪ አስይዛው "በር ድረስ ብቻ እንሂድና ምን እንደሆነ አንተ ንገረኝ" ትለዋለች፣ ሲወጡ ለካ ጉሬዛ ነው! ጉሬዛ እኮ ጎህ ሲቀድ እንደዛ ነው የሚጮኸው። እስካሁን ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ ልጄ እንደ ጉሬዛ ሲጮህ ካልሰማ አይወጣም፣ ሰልችቶናል።

የማይመች ነገርም አለ። ሽንት ቤቱ ሳሙና የለውም፣ 2 ጊዜ ተናግሬ ነበር። ዝናብ ከጣለ ከሰአቱ ሙሉ ፊልም ነው። ምሳ ፓስታ በስጎ፣ ነገም ፓስታ በስጎ። የልጆቹን ፎቶ ሳይጠይቁ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለቁታል፣ ስነግራቸው የልጄን አጠፉት። ዋጋውም ቀላል አይደለም።

ዘንድሮም እልከዋለሁ፣ ሳሙናውን ግን ቦርሳው ውስጥ እከትለታለሁ።